ሞገድ ሲሄድ የሚሄደው ምንድን ነው?

ሬዲዮ በአጭር ሞገድ እያዳመጠ ላደገ ሰው «31 ሜትር ባንድ» የሚለው ነገር ለጆሮው አዲስ አይደለም። የአሜሪካ ድምፅም ሆነ ዶይቸ ቬለ በአማርኛ ሲያሰራጩ አድማጭ ጣቢያውን የሚፈልገው በሜትር ባንድ ነበር፤ 19፣ 25፣ 31 እያለ መቃኛውን እያዞረ። ግን 31 ሜትሩ የምን 31 ሜትር ነው? የአንቴናው ቁመት አይደለም። ጣቢያው ያለበት ርቀትም አይደለም። ከማሰራጫው ተነስቶ የሚመጣው ሞገድ ራሱ ርዝመት አለው፤ ከአንዱ አናት እስከ ቀጣዩ አናት ቢለካ ወደ 31 ሜትር ይመጣል። በዓይን አናየውም እንጂ ከባለ አስር ፎቅ ሕንፃ ቁመት ጋር የሚቀራረብ ነገር ነው፣ ያውም ግድግዳችንን አልፎ ሳሎን የሚገባ።

ሞገድ የሚለው ምዕራፍ ትምህርት ቤት ሲመጣ አብዛኞቻችን ቀመሩን ሸምድደን አልፈናል። ፍጥነት ማለት ድግግሞሽ ሲባዛ በሞገድ ርዝመት ነው። በቃ። ቀመሩ ትክክል ነው፤ ፈተናም ያሳልፋል። ያልተነገረን ነገር ግን አለ፦ ከነዚህ ሦስት ቁጥሮች የትኛውን ማን ነው የሚወስነው? ይህችን ጥያቄ የመለሰ ሰው ሬዲዮውንም፣ ማሲንቆውንም፣ ሱናሚውንም፣ የመሬት መንቀጥቀጡንም በአንድ ሐሳብ ይረዳቸዋል። ስለዚህ ጉዳዬ እሷ ናት፤ ሌላውን ሁሉ በሷ ዙሪያ አመጣዋለሁ።

መጀመሪያ ግን ሞገድ ምን እንደሆነ እንስማማ። ረጅም ገመድ አምጡና አንዱን ጫፍ የበር እጀታ ላይ እሰሩት። ሌላውን ጫፍ ይዛችሁ አንዴ ወደ ላይ ወደ ታች ወዝውዙት። ጉብታ ይፈጠርና ወደ በሩ ይሮጣል። ገመዱ ግን የትም አልሄደም። መሃሉ ላይ ቀይ ክር ብታስሩበት ክሩ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ እዚያው ቦታው ላይ ይቀራል። ታዲያ በሩ ጋ የደረሰው ምንድን ነው? እጃችሁ የሰጠው ጉልበት ነው። እጀታው ነቅነቅ ሲል የነቀነቀው ገመዱ ተጉዞ መጥቶ ሳይሆን ጉልበቱ በገመዱ በኩል አልፎ ነው።

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቆማችሁ ውሃው ላይ የተንሳፈፈ ቅጠል ብታዩም ያው ነው። ሞገዱ ወደ ዳር ይመጣል፤ ቅጠሉ ግን ንፋስ ካልገፋው በስተቀር ከሞገዱ ጋር አብሮ አይመጣም። ከፍ፣ ወደፊት፣ ዝቅ፣ ወደኋላ እያለ ትንሽ ክብ ይሠራና ወደ ቦታው ይመለሳል። ከሥሩ ያለው ውሃም እንደዚያው ክብ ይሠራል፤ ወደ ታች በወረድን ቁጥር ግን ክቡ እያነሰ ሄዶ የሞገዱን ርዝመት ግማሽ ያህል ጥልቀት ላይ ስንደርስ እንቅስቃሴው ሊጠፋ ምንም አይቀረውም። ላይ ላዩ ሲናወጥ ታች ያለው ዋናተኛ ምንም የማይሰማው ለዚህ ነው።

ድምፅም ሞገድ ነው። ሰው ከመንገድ ማዶ ስማችሁን ሲጠራ ከአፉ የወጣው አየር እናንተ ጋ አይደርስም፤ ቢደርስ ኖሮ ንፋስ ሆኖ ፊታችሁን በመታችሁ ነበር። ታክሲ ሰልፍ ላይ ከኋላ ያለው ሰው ፊት ያለውን ገፋ ሲያደርገው፣ እሱ ደግሞ ከፊቱ ያለውን፣ ግፊያው እስከ ሰልፉ ራስ ድረስ ይደርስ የለ? ማንም ግን ተራውን አልለቀቀም። የአየር ቅንጣቶችም እንደዚያ ናቸው። እያንዳንዱ ጎረቤቱን ገፍቶ ይመለሳል፤ ግፊያው ነው ተጉዞ ጆሯችሁ የሚገባው።

ገመዱና ድምፁ መሃል ያለውን ልዩነት ልብ በሉ። ገመዱ ላይ ሞገዱ ወደ በሩ ሲሄድ ገመዱ የሚወዛወዘው ወደ ላይና ወደ ታች ነው፤ መንገዱን አቋርጦ ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ትራንስቨርስ ሞገድ ይባላል። ድምፅ ላይ ግን አየሩ የሚወዛወዘው ሞገዱ በሚሄድበት በዚያው አቅጣጫ ወደፊትና ወደኋላ ነው፤ አንድ ቦታ ይታመቃል፣ ቀጥሎ ይሳሳል፣ ደግሞ ይታመቃል። ይሄኛው ሎንጊቱዲናል ነው። የውሃ ላይ ሞገድ ሁለቱን ይቀላቅላል፤ ክብ የሚሠራውም ለዚያ ነው። ለፈተና ብቻ የሚጠቅም ክፍፍል ይመስላል። መጨረሻ ላይ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ስናወራ ግን የሰው ሕይወት የሚነካ ልዩነት ሆኖ ታገኙታላችሁ።

አሁን ወደ መለኪያዎቹ። የሞገድ ርዝመትን አይተናል፤ ከአናት እስከ አናት ነው። ድግግሞሽ ደግሞ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ሙሉ ውዝዋዜ እንዳለ የሚነግረን ነው። መለኪያው ሄርትዝ ይባላል፤ በ1880ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የሬዲዮ ሞገድን በቤተ ሙከራ ፈጥሮ ላሳየው ለጀርመናዊው ሄይንሪክ ሄርትዝ መታሰቢያ። ቤታችን የሚገባው መብራት 50 ሄርትዝ ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ሄዶ ይመለሳል። የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርትዝ ያለውን ይሰማል፤ ዕድሜ ሲገፋ የላይኛው ጫፍ እየወረደ ይመጣል። አንዱ ውዝዋዜ የሚወስደው ጊዜ ፔሪየድ ይባላል፤ የድግግሞሽ ግልባጭ ነው። 50 ሄርትዝ ከሆነ አንዱ ዙር የሰከንድ 1/50ኛ ይወስዳል ማለት ነው። አምፕሊቲዩድ ደግሞ ሞገዱ ከመካከለኛው ቦታ ምን ያህል ርቆ እንደሚወዛወዝ ነው። ድምፅ ሲጎላ የሚጨምረው አምፕሊቲዩዱ ነው፤ ድምፅ ሲቀጥን የሚጨምረው ድግግሞሹ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ስለሆነ ነው የምደግመው፦ መጉላትና መቅጠን ለየቅል ናቸው።

ፍጥነትስ? እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር ያለው።

የሞገድን ፍጥነት የሚወስነው የሚያልፍበት ነገር ነው። ድምፅ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ባለው አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይሄዳል። ውሃ ውስጥ 1,480 ሜትር ገደማ፣ ብረት ውስጥ ደግሞ ከ5,000 ሜትር በላይ። ስለጮኻችሁ ቶሎ አይደርስም። ድምፃችሁን ስላቀጠናችሁም አይፈጥንም። ማስረጃው ቀላል ነው። ሰርግ ላይ ከሩቅ ሆናችሁ ሙዚቃ ስትሰሙ የከበሮው ወፍራም ድምፅና የክራሩ ቀጭን ድምፅ አብረው ነው የሚደርሱት። ቀጭኑ የሚቀድም ቢሆን ኖሮ ከመቶ ሜትር በኋላ ዘፈኑ ሁሉ ተበታትኖ በሰማነው ነበር።

ድግግሞሽን የሚወስነው ደግሞ ምንጩ ነው። ከበሮው በሰከንድ ስንት ጊዜ ከነዘረ፣ አየሩም ያንኑ ያህል ጊዜ ይነዝራል፣ የጆሯችሁ ታምቡርም ያንኑ ያህል። መንገድ ላይ ውሃም ቢያጋጥመው፣ ግድግዳም ቢያጋጥመው ቁጥሩ አይለወጥም።

የሞገድ ርዝመትስ? እሱ የሁለቱ ውጤት ነው። ምንጩ ድግግሞሹን ያዛል፣ ማስተላለፊያው ፍጥነቱን ያዛል፣ ርዝመቱ ከሁለቱ ይወጣል። ፍጥነቱን ለድግግሞሹ ማካፈል ብቻ ነው። የሬዲዮ ሞገድ በብርሃን ፍጥነት ስለሚሄድ፣ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ማለት ነው፣ ለሬዲዮ ሒሳቡ ይቀልላል፤ 300ን በሜጋ ሄርትዝ፣ ማለትም በሚሊዮን ሄርትዝ ለተለካው ድግግሞሽ ማካፈል በቂ ነው። ሸገር 102.1ን ውሰዱ። 300 ሲካፈል ለ102.1 ወደ 2.94 ሜትር ይመጣል። 31 ሜትር ባንድን ወደኋላ ስታሰሉት ደግሞ 9.7 ሜጋ ሄርትዝ ገደማ ታገኛላችሁ። የድሮው ሬዲዮ መቃኛ ላይ በአንድ በኩል ሜትር፣ በሌላ በኩል ሜጋ ሄርትዝ የሚጻፈው ሁለቱ አንድን ነገር ስለሚናገሩ ነው።

ክረምት ላይ ይህን ፍጥነት ራሳችሁ መለካት ትችላላችሁ። መብረቅ ብልጭ ሲል መቁጠር ጀምሩ፣ ነጎድጓዱ ሲሰማ አቁሙ። የቆጠራችሁትን ሰከንድ ለሦስት ስታካፍሉት መብረቁ የወረደበት ርቀት በኪሎ ሜትር ይመጣላችኋል፤ ብርሃኑ ወዲያው ሲደርስ ድምፁ ለአንድ ኪሎ ሜትር ሦስት ሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅበት። አንዳንዱ ሰው አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ አየሩም ስለሚሳሳ ድምፅ ቀስ ይላል ብሎ ያስባል። አይደለም። አየር ውስጥ የድምፅን ፍጥነት በዋናነት የሚወስነው ሙቀቱ ነው፣ የአየሩ መሳሳት አይደለም። ድሬዳዋ ላይ በ35 ዲግሪ ቀን በሰከንድ 352 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ደብረ ብርሃን ላይ በ5 ዲግሪ ጠዋት 334 ገደማ።

«ማስተላለፊያው ፍጥነቱን ያዛል» የምትለዋ ነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነች የሚያሳየው ሱናሚ ነው። ታህሳስ 1997 ዓ.ም. በሱማትራ አጠገብ ከውቅያኖስ ወለል በታች መሬት ተንቀጠቀጠ፤ በፈረንጆቹ ታህሳስ 26 ቀን 2004 ማለት ነው። የሱናሚ ሞገድ ፍጥነት የሚወሰነው በውሃው ጥልቀት ነው። 4,000 ሜትር ጥልቀት ላይ በሰዓት 700 ኪሎ ሜትር ያህል ይበርራል፤ የአውሮፕላን ፍጥነት ማለት ይቻላል። እዚያ ግን ከፍታው ከአንድ ሜትር ብዙም ስለማይበልጥና ርዝመቱ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ስለሚደርስ መርከብ ላይ ያለ ሰው ልብ እንኳ አይለውም። ወደ ዳርቻ ሲጠጋ ውሃው ያንሳል፣ ሞገዱ ፍሬን እንደያዘ ይቀዘቅዛል፤ 10 ሜትር ጥልቀት ላይ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ድግግሞሹ ግን አልተለወጠም። ስለዚህ ርዝመቱ ያጥራል። ከኋላ የሚመጣው ውሃ ፊተኛው ላይ ይደርስበታል፣ ያ ሁሉ ጉልበት አጭር ቦታ ላይ ይጠራቀማል፣ መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ይነሳል። ያ ሞገድ የሕንድ ውቅያኖስን ሙሉ አቋርጦ ሶማሊያ ዳርቻ ድረስ መጥቶ ሰው ገድሏል። ከሱማትራ እስከ ሶማሊያ የመጣው ግን የሱማትራ ውሃ አይደለም።

እስካሁን ያወራናቸው ገመድ፣ ውሃና ድምፅ ሁሉም የሚያልፉበት ነገር ይፈልጋሉ። መካኒካል ሞገድ ይባላሉ። ባዶ ህዋ ውስጥ ድምፅ የለም። ጨረቃ ላይ ሁለት ጠፈርተኞች ጎን ለጎን ቆመው ያለ ሬዲዮ መነጋገር አይችሉም። ብርሃን ግን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ባዶ ቦታ አቋርጦ ከፀሐይ በስምንት ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ ይደርሰናል። በምን ላይ ተሳፍሮ? በምንም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክለርክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው ሥራው ብርሃን ማለት አንዱ ሌላውን እየፈጠሩ የሚጓዙ የኤሌክትሪክና የማግኔት መስኮች መሆናቸውን በሒሳብ አሳየ። ለእኔ በፊዚክስ ውስጥ ከዚህ የሚያምር ነገር ጥቂት ነው። በወረቀት ላይ ያሰላው ፍጥነት ሰዎች ከለኩት የብርሃን ፍጥነት ጋር ገጠመ፣ ከዚያ ሄርትዝ መጥቶ በዓይን የማይታየውን የዚያን ሞገድ ወንድም ፈጥሮ አሳየ።

የቤተሰቡ ስም ኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ ነው። ሬዲዮ፣ ማይክሮዌቭ፣ ኢንፍራሬድ፣ የምናየው ብርሃን፣ አልትራቫዮሌት፣ ኤክስሬይና ጋማ ጨረር አንድ ዓይነት ነገር ናቸው፤ የሚለያዩት በድግግሞሻቸው ብቻ ነው። ማይክሮዌቭ ምድጃ 2.45 ጊጋ ሄርትዝ (ጊጋ ማለት ቢሊዮን ነው) ላይ ይሠራል፣ ሞገዱ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የምናየው ብርሃን ከ400 እስከ 700 ናኖ ሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) ባለው ጠባብ ክፍል ውስጥ ይገባል፤ ቀዩ ረጅሙ ነው፣ ወይንጠጁ አጭሩ።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ብዙ ሰው ቤቱ አጠገብ የተተከለ የኔትወርክ ታወር፣ በተለይ 5ጂ የሚባል ነገር ሲሰማ ይጨነቃል። ጭንቀቱ ይገባኛል፣ በዓይን የማይታይ ነገር ያስፈራል። ቁጥሩን ግን እዩት። የኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ አቶምን የመበጠስ፣ ማለትም ኤሌክትሮን ነጥሎ የማውጣት አቅሙ የሚጨምረው ድግግሞሹ ሲጨምር ነው። የሞባይል ኔትወርክ በአብዛኛው በጥቂት ጊጋ ሄርትዝ ላይ ይሠራል። ከመብራት አምፖላችን የሚወጣው ብርሃን ደግሞ ከዚያ በመቶ ሺህ ጊዜ የሚበልጥ ድግግሞሽ አለው፤ አምፖሉ ሥር ስንቀመጥ ማንም አይፈራም። አደጋው የሚጀምረው ከብርሃን በላይ ነው፣ ከአልትራቫዮሌት። እንደኛ ደጋ ላይ ለሚኖር ሰው ከላይ ያለው አየር ስለሚሳሳ የእኩለ ቀን ፀሐይ ይበረታል። ልጃችሁን ከአንድ ነገር መከለል ካለባችሁ ከታወሩ በፊት ከእኩለ ቀን ፀሐይ በኮፍያ ከልሉት።

ሞገድ መንገዱ ላይ ነገር ሲያጋጥመው ምን ይሆናል? አንደኛ ይመለሳል። የገደል ማሚቶ ይሄ ነው። የራሳችሁን ድምፅ ለይታችሁ እንድትሰሙት ግን ገደሉ ቢያንስ 17 ሜትር መራቅ አለበት፤ ከዚያ ከቀረበ የሚመለሰው ድምፅ ከሰከንድ 1/10ኛ ባነሰ ጊዜ ስለሚደርስ ከፊተኛው ጋር ይቀላቀላል። ሆስፒታል ውስጥ እርጉዝ ሴት የምትነሳው አልትራሳውንድም ማሚቶ ነው። ድምፅ ሰውነት ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ያህል ይሄዳል። ማሽኑ ለምሳሌ 3.5 ሜጋ ሄርትዝ ቢልክ ሞገዱ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ለምን ይህን ያህል አጭር? ሞገድ ከራሱ ርዝመት በጣም ያነሰን ነገር ለይቶ ማሳየት ስለማይችል ነው። የምንሰማውን ዓይነት ድምፅ ቢልክማ፣ ሞገዱ ከፅንሱ በላይ ስለሚረዝም የሕፃኑን ጣት ቀርቶ ሕፃኑን ራሱን አያሳይም።

ሁለተኛ፣ ይሰበራል። ብርሃን ከአየር ወደ ውሃ ሲገባ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 225,000 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፤ ማስተላለፊያው ተለውጧላ። አግድም ሲገባ አቅጣጫውም ይታጠፋል፣ ለዚህ ነው ውሃ ውስጥ የተከተተ ዱላ የተሰበረ የሚመስለው። ድግግሞሹ ግን ያው ስለሆነ ቀይ ሸሚዝ ገንዳ ውስጥ ሲገባም ቀይ ነው።

ሦስተኛ፣ ይጠመዘዛል። ሰው ከጓዳ ሲጣራ ሳሎን ሆናችሁ ትሰሙታላችሁ፣ ግን አታዩትም። የድምፅ ሞገድ ርዝመቱ ከበሩ ስፋት ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ በበሩ አልፎ ይበተናል፤ ብርሃን ግን ከሚሊ ሜትር ሺህኛ የሚያንስ ስለሆነ በሩ ለእሱ ሜዳ ነው፣ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ኤፍኤምና አጭር ሞገድም የሚለያዩት በዚህ ዓይነት የርዝመት ነገር ነው። ኤፍኤም በአብዛኛው በቀጥታ መስመር ስለሚሄድ ተራራ ሲጋርደው ይጠፋል፣ ከተማውን ለቃችሁ ስትወጡ መንሿሿት ይጀምራል። አጭር ሞገድ ግን ወደ ሰማይ ወጥቶ አዮኖስፌር የሚባለው በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር ንጣፍ ጋ ሲደርስ ታጥፎ ወደ መሬት ይመለሳል፣ ከመሬት ደግሞ ነጥሮ ይወጣል፤ እንዲህ እያለ ከአውሮፓ ተነስቶ ጎጃም ገጠር ያለ ትራንዚስተር ሬዲዮ ውስጥ ይገባል። ማታ ማታ መካከለኛ ሞገድ ላይ የሩቅ ጣቢያ የሚሰማው ደግሞ ቀን ላይ ሞገዱን የሚውጠው የታችኛው ንጣፍ ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሚከስም ነው።

አራተኛ፣ ሁለት ሞገዶች ሲገናኙ ይደማመራሉ። አናት ከአናት ሲገጥም ይጎላሉ፤ አናት ከዝቅታ ሲገጥም ይጠፋፋሉ። ውጭ ያለውን ጫጫታ የሚያጠፉት የጆሮ ማዳመጫዎች ይህን ነው የሚሠሩት፤ በትንሽ ማይክሮፎን ጫጫታውን ሰምተው ግልባጩን ይለቁበታል።

ማሲንቆ ላይ ይህ መደማመር ወደ ሙዚቃ ይለወጣል። ማሲንቆ ያለው አንድ ክር ብቻ ነው፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ። ደጋኑ ሲፋቅበት ሞገድ በክሩ ላይ እየሄደ ጫፍ ሲደርስ ይመለሳል፣ ከሚመጣው ጋር ይደማመራል፣ በመጨረሻ ክሩ ላይ የሚቆየው ከሁለቱ ጫፎች መሃል ልክ የሚገጥመው ሞገድ ብቻ ይሆናል። ልክ የሚገጥመው ረጅሙ ሞገድ የክሩን ርዝመት ሁለት እጥፍ ነው። እዚህ ላይ ያነበበ ሰው ሊጠይቀኝ ይገባል፦ «ርዝመት ውጤት ነው አላልክም ወይ?» ብያለሁ። ክሩ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ርዝመቱን የሚያስገድዱት ሁለቱ ጫፎች ናቸው፣ ፍጥነቱን ክሩ ያዛል፣ ድግግሞሹ ነው ከሁለቱ የሚወጣው። እንበል ክሩ 50 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ሞገዱ 1 ሜትር ይሆናል። በክሩ ላይ በሰከንድ 220 ሜትር የሚሄድ ከሆነ ድምፁ 220 ሄርትዝ ነው። ከክሩ ወጥቶ አየር ውስጥ ሲገባ ደግሞ ክሩ ምንጭ ሆነ፤ 220ው ይጸናል፣ ርዝመቱ ግን ወደ 1.56 ሜትር ይለወጣል፣ የአየር ፍጥነት ሌላ ነውና።

አዝማሪው ጣቱን ወደ ታች ባወረደ ቁጥር የሚርገበገበው የክሩ ክፍል ያጥራል፣ ድምፁ ይቀጥናል፤ ግማሹ ላይ ሲደርስ ድግግሞሹ እጥፍ ይሆናል። ሲቃኝ ክሩን የሚወጥረው ፍጥነቱን ለመጨመር ነው። ክራርና በገና ላይ ከአንድ በላይ ክር ስላለ ጣት ማንሸራተት አያስፈልግም፤ ወፍራም ክር ከባድ ስለሆነ ሞገዱ ላዩ ላይ ይዘገያል፣ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል። የበገና አሥር ጅማቶች በውፍረትና በውጥረት ነው የሚለያዩት።

ስለ ዶፕለር ባጭሩ ልበል። አምቡላንስ ወደ እናንተ ሲመጣ ሳይረኑ ይቀጥናል፣ ሲያልፋችሁ ይወፍራል። ሳይረኑ አልተለወጠም፤ እየተጠጋ ስለሚልከው አናቶቹ ተቀራርበው ይደርሷችኋል። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ልዩነቱ 6 በመቶ ገደማ ነው። ጆሮ በቀላሉ ይለየዋል።

አሁን ወደ መሬት መንቀጥቀጥ። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና አዋሽ አካባቢ መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። መሬት ውስጥ ሁለት ዋና ሞገዶች ይሄዳሉ። ፒ የሚባለው ልክ እንደ ድምፅ ሎንጊቱዲናል ነው፤ አለቱን እየገፋና እየሳበ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ኤስ የሚባለው እንደ ገመዱ ትራንስቨርስ ነው፤ አለቱን ወደ ጎን ያወዛውዛል፣ ፍጥነቱም በሰከንድ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፒ መጀመሪያ ደርሶ ቀለል አድርጎ ይነቀንቃል፣ አብዛኛውን ጊዜ ቤት የሚያፈርሰው ከኋላው ያለው ኤስና የመሬቱን ገጽ ይዞ የሚመጣው ሞገድ ነው። በሁለቱ መሃል ያለውን ሰከንድ በ8 ስታባዙት የመነሻው ርቀት በኪሎ ሜትር ይመጣል። ሦስት ጣቢያዎች ይህን ከለኩ ቦታው ይታወቃል። ፈሳሽ ነገር ደግሞ ወደ ጎን ሲገፉት ስለማይመልስ ኤስ በፈሳሽ ውስጥ አያልፍም። ከምድር ወዲያ ማዶ ያሉ ጣቢያዎች ኤስን ሲያጡት ነው ሳይንቲስቶች የምድር ውጫዊ እምብርት ቀልጦ ያለ ፈሳሽ መሆኑን የተረዱት፤ ማንም እዚያ ሳይወርድ።

አንድ ጥያቄ ያን ሰሞን ብዙ ሰው ጠይቋል። ኮንዶሚኒየም ላይኛው ፎቅ ያለው ሰው ተወዛወዝን ሲል ምድር ቤት ያለው ለምን ምንም አልሰማም? ሕንፃ ራሱ የሚወዛወዝበት የራሱ ፔሪየድ አለው፤ በግምት ለአንድ ፎቅ የሰከንድ 1/10ኛ። ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ አንዴ ሄዶ ለመመለስ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈልጋል። ሞገድ ከሩቅ ሲመጣ ፈጣኑን ውዝዋዜ አለቱ መንገድ ላይ ይውጠዋል፣ ቀርፋፋው ይተርፋል። ያ ቀርፋፋ ውዝዋዜ ከሕንፃው ፔሪየድ ጋር ሲገጥም በየዙሩ ይጨምርለታል፤ ሥሩ መሬት ላይ ስለተተከለ ደግሞ ይበልጥ የሚወዛወዘው ላይኛው ፎቅ ነው። ሬዞናንስ ይባላል። ሜክሲኮ ሲቲ እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1985 የደረሰባት ይሄ ነው። መነሻው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ፓስፊክ ዳርቻ ነበር። ከተማዋ ያረፈችበት የድሮ ሐይቅ ጭቃ ግን ቀርፋፋውን ሞገድ አጎላው፣ ከሁሉ በላይ የተጎዱትም ከ6 እስከ 15 ፎቅ ያላቸው ሕንፃዎች ሆኑ። ሺዎች ሞቱ።

ሜክሲኮዎች ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር ይህን ሁሉ የፍጥነት ወሬ ሥራ ላይ ያዋለ ነው። ዳርቻው ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያዎች ተከሉ፤ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መለኪያው ንቅናቄውን ሲይዝ በሬዲዮ ወደ ከተማው ይናገራል። ኤስ 350 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ መቶ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። የሬዲዮ ሞገድ ግን ከአንድ ሰከንድ ሺህኛ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ከተማው ውስጥ መሬቱ ከመናወጡ አንድ ደቂቃ ገደማ ቀድሞ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል። ለኛ ብናሰላው ከፈንታሌ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ኤስ 37 ሰከንድ ይፈልጋል። መለኪያው ነገሩን ለማወቅ ጥቂት ሰከንድ ቢወስድበት እንኳ 30 ሰከንድ ያህል ይተርፋል፤ ምድጃ ለማጥፋትና ጠረጴዛ ሥር ለመግባት የሚበቃ ጊዜ ነው።